በተራራ ሐይቅ በረዶ ላይ ሬይንቦ ትራውት ማጥመድ፦ ከዴንቨር ለሚነሣ ጀማሪ ምን ያስፈልገዋል?

የአውሮራው ጀማሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። በበጋ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ መንጠቆ መጣል ለምጃለሁ። አሁን እነዚሁ ሰዎች ሐይቁ ሲጋገር በላዩ ላይ ተራምደው፣ ቀዳዳ ሰርስረው ሬይንቦ ትራውት የሚባለውን ዓሣ እንደሚያወጡ ሰምቼ ልቤ ተነሥቷል። ባለቤቴ ግን «ዋና እንኳን የማትችል ሰው በውሃ ላይ ልትሄድ ነው? ጴጥሮስም መስጠም ጀምሮ ነበር» ብላ ነገሩን ዘግታዋለች።

ለጀማሪ የትኛው ሐይቅ ይሻላል? በረዶው ሰው መቻሉስ በምን ይታወቃል? ዕቃውንም ንገሩኝ፤ ሱቅ ገብቼ ዋጋውን አይቼ ብቻ ነው የወጣሁት። የዘጠኝ ዓመት ልጄም ካልወሰድከኝ እያለኝ ነው።

ባለ ድጅኖው

እንኳን ደህና መጣህ። ባለቤትህ የተናገረችው ቀልድ ቢመስልም ዋናው ጉዳይ እሱው ነው። ትራውት መያዝ በጥቂት ጠዋት ይለመዳል፤ መማር ያለብህ በረዶውን ነው።

የግዛቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በእግር ለሚሄድ ሰው የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ልክ 4 ኢንች ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል። ይህ ግን የሚሠራው ለጥርቱ፣ ሲያዩት ወደ ጥቁርና ወደ ሰማያዊ ለሚያደላው በረዶ ነው። ነጩ በረዶ በውስጡ አየር ስለያዘ ጉልበቱ የጥርቱን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው፤ በእሱ ላይ ልኩን እጥፍ አድርገው። እኔ በበኩሌ ከ6 ኢንች በታች ካገኘሁ ቡናዬን መኪናዬ ውስጥ ጠጥቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ውፍረቱ ደግሞ በሐይቁ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወንዝ የሚገባበት አፍ፣ የግድቡ አጠገብ፣ ከውሃ ብቅ ያለ ድንጋይና የጀልባ መቆሚያ ዙሪያ ይሳሳል። አመዳይ፣ ማለትም ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ፣ ከላይ ሲተኛበት ደግሞ ቅዝቃዜው ወደ ታች እንዳይወርድ ስለሚከለክል በረዶው መወፈሩን ያዘገያል፤ ስንጥቁንም ይሸፍንብሃል። «ትናንት እዚያ ጋ ሰው ቆሞ ነበር» የሚባለውን ማስረጃ አልቀበልም።

መሞከሪያው ድጅኖ ነው። ጫፉ የተሳለ፣ ለዚሁ የተሠራ ረጅም የብረት ዘንግ በሱቅ ይሸጣል። ከዳር ጀምረህ ሁለት ሦስት እርምጃ በሄድህ ቁጥር ከፊትህ ያለውን በኃይል ትመታለህ። ድምፁ ደረቅ ከሆነ ቀጥል። በአንድ ምት ዘልቆ ውሃ ካወጣ፣ ሳትሮጥ፣ እግርህን ሳታነሣ እያንሸራተትህ በመጣህበት መንገድ ተመለስ። የምትቀመጥበት ቦታ ስትደርስ ቀዳዳ ሰርስር፤ ጫፉ የታጠፈ ማስመሪያ አስገብተህ ከበታች በኩል አያይዘውና ለካ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፤ በቀዝቃዛ ጠዋት በረዶው ያጓራል። ከአንዱ ዳር ተነሥቶ በእግርህ ሥር አልፎ ወደ ሌላው ዳር የሚሮጥ ድምፅ ትሰማለህ። ሙቀት ሲለዋወጥ በረዶው እየሰፋና እየተኮማተረ ስለሆነ አያስደነግጥህ። የሚያስፈራው በጸደይ ሳያጓራ ዝም ብሎ የሚበሰብሰው ነው።

ስለ ሐይቁ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆርጅታውን ሐይቅ ይበቃሃል። በአይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ መኪናህን አቁመህ ጥቂት ስትራመድ በረዶው ላይ ነህ። ክሊር ክሪክ የሚባለው ወንዝ በሚገባበት በኩል ግን አትጠጋ። ከሞሪሰን ጀምሮ ወደ ምዕራብ ባለው መንገድ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ለበረዶ የሚሆን ጎማ የሚያስገድድ ሕግ ስላለ ጎማህን ሳታይ እንዳትነሣ።

ትልቁን ዓሣ ስትመኝ ኢሌቨን ማይል የሚባል ሐይቅ አለልህ። ሳውዝ ፓርክ የሚባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ከአውሮራ ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ከፍታው 2,600 ሜትር አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚህ ሐይቅ ከፍ ትላለች እኮ! እኛ ግን ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን በዚያ ከፍታ ገብስ እናጭዳለን፤ እዚህ በረዶው በጃንዋሪ መጨረሻ ክንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ችግሩ ነፋሱ ነው። በበረዶው ውስጥ በሚጠመዘዝ ብረት ያልታሰረ ድንኳን ወደ ሌላኛው ዳር ሲከንፍ ማየት እዚያ የተለመደ ነው። አጠገቡ ያለው ስፒኒ ማውንቴን የሚባለው ሐይቅ በክረምት ዝግ ስለሆነ አትድከም።

የሌክዉዷ ነርስ

ጋሽ ባለ ድጅኖው ስለ በረዶው በቂ ብለዋል። እኔ በረዶው ከከዳህ ስለሚሆነው ልጨምር።

ዜሮ ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው በብርዱ ወዲያው አይሞትም። ቀድሞ የሚገድለው የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው፤ ሳያስበው አየር ይስባል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ትንፋሽህን ለማረጋጋት ብቻ ተጠቀምባት። ከዚያ በኋላ እጅና እግርህ የሚታዘዙህ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፤ የምትወጣው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ራስህን እስክትስት ግን አንድ ሰዓት ያህል ስላለህ ተስፋ አትቁረጥ።

ፊትህን ወደ መጣህበት አዙር፤ ያ በረዶ ቅድም ችሎሃል። ክንድህን አውጥተህ በረዶው ላይ ዘርጋ፣ በእግርህ እየረገጥህ በሆድህ ወደ ላይ ተንሸራተት። ስትወጣ አትቁም። እየተንከባለልህ ራቅ። እርጥብ እጅ በረዶ ላይ ምንም አይጨብጥም፤ ለዚህ ነው ሁሉም ሰው በረዶውን ወግቶ ራሱን የሚጎትትበት ሁለት ወስፌ በአንገቱ የሚያንጠለጥለው። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ሰውነትን ከውሃ በላይ የሚይዝ ጃኬትም ልበስ፤ ዋና ለማይችል ሰው ይህ ለድርድር አይቀርብም። ጫማህ ላይ የብረት ጥርስ እሰር፤ ድንገተኛ ክፍል የማያቸው ሰዎች ውሃ ውስጥ የገቡ ሳይሆኑ በአብዛኛው ተንሸራተው የእጃቸውን አንጓ የሰበሩ ናቸው። የጥጥ ልብስ ቤት ይቅር። ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ክር ልበስ።

ብቻህን አትሂድ። ልጁንም በመጀመሪያው ቀን አትውሰደው፤ አንተ ሐይቁን ስታውቀው ያን ጊዜ ይምጣ።

ኢንጂነሩ ከፓርከር

ሁሉም ስለ አደጋ ብቻ አወራ። ዓሣ ለመያዝ ከሆነ የምትሄደው፣ ሶናር ግዛ። ዓሣው በስንት ሜትር ላይ እንዳለ፣ ወደ መንጠቆህ ሲመጣና ሲሸሽ ስክሪኑ ላይ ታየዋለህ። ከዚያ በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ፣ ማሞቂያ፣ ሙቀት የሚይዝ ድንኳን። ያለ እነዚህ ዕውር ድንብር ነው።

ባለ ድጅኖው

ኢንጂነር፣ ሰውየውን ገና ሳይጀምር በዕዳ ልትዘፍቀው ነው። ሶናር ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለሚኖር ዓሣ ጥሩ ነው። ዲለን ሐይቅ ላይ አርክቲክ ቻር የሚባለውን ዓሣ ፍለጋ ለሚሄድ ሰው ብትመክረው አልቃወምህም። ሬይንቦ ግን በክረምት ዳር ዳሩን የሚዞር ዓሣ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ከበረዶው ሥር ሁለት ሦስት ሜትር ውሃ ባለበት ነው። አንተው አስላው፦ የመሣሪያው ጨረር 20 ዲግሪ ቢሆን በ2 ሜትር ጥልቀት የሚያየው ስፋት 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ዓሣው ከዚያ ጎን ቢያልፍ ስክሪንህ ባዶ ነው።

እዚያ ጥልቀት ላይ የሚበልጠው ዓይን ነው። ድንኳኑን ዘግተህ አጨልመው፣ ፍራሽ አንጥፈህ በሆድህ ተኛ፣ ፊትህን ወደ ቀዳዳው አቅርብ። መጀመሪያ ምንም አይታይህም። ዓይንህ ሲለምድ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ይመስልሃል፤ ጠጠሩን፣ የውሃውን ሣር፣ የራስህን መንጠቆ እንደ እጅህ መዳፍ ታያለህ። ከዚያ ትራውቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ይደርሳል። ጎኑ ላይ ያለው ቀይ መስመር ያልፋል፣ ይዞራል፣ መንጠቆህ ጋ ይቆማል። ክንፎቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። አፉን ከፈት አድርጎ ማጥመጃውን ይስበዋል፣ ወዲያው ይተፋዋል። ክርህ አንዲት ጊዜ እንኳን አልተነቃነቀችም! ያኔ ነው ከላይ ተቀምጠው «ዛሬ ዓሣ የለም» የሚሉ ሰዎች ምን እየሆነባቸው እንደነበረ የሚገባህ። ነጭ አፉ ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ያን ጊዜ ሳብ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይሆንም።

ስለዚህ ክርህ ቀጭን ይሁን፤ ከ2 እስከ 4 ፓውንድ ክብደት የሚችል። ማጥመጃህ የጣት ጥፍር የማያክል እርሳስ ያለው መንጠቆ፣ ጫፉ ላይ አንድ የሰም ትል የሚባለው የእሳት ራት እጭ። ብዙ አታወዛውዘው። ከፍ አድርገህ ልቀቀው፣ ከዚያ ጸጥ አድርገህ ያዘው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሱት ሲቆም ነው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ቀዳዳህ ተሰርስሮ መንጠቆህ ውስጥ መሆን አለበት። ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ መሰርሰሪያ ማስጮህ ዓሣውን ማባረር ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን አመዳይም አትጥረገው፤ ጥላ ይሆንልሃል።

ኢንጂነሩ ከፓርከር

ስሌቱን አልከራከርም። ነገር ግን በክረምቱ አጋማሽ ዳሩ ላይ ሲጠፉስ? በዲሴምበር ዳር ዳሩን የሚዞሩት በፌብሩዋሪ የሉም።

ባለ ድጅኖው

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ በክረምት ለብ ያለው ውሃ ከታች፣ ዜሮ የሚጠጋው ከበረዶው ሥር ይተኛል። ሁሉም ሰው «ዓሣው ወደ ሙቁ ወደ ታች ይወርዳል» ብሎ ያስባል። ነገር ግን በረዶውና አመዳዩ ብርሃን ሲከለክሉ የውሃው ሣር ኦክስጅን መሥራቱን ይቀንሳል፤ ከታች የወደቀው ሣር ደግሞ ሲበሰብስ ያለውን ይጨርሳል። ኦክስጅኑ ከታች ጀምሮ ነው የሚያልቀው። በዚህ ጊዜ ትራውቱ ወደ ጥልቁ አካባቢ ቢሄድም ከፍ ብሎ፣ ከበረዶው ሥር አንድ ሁለት ሜትር ላይ ተንሳፍፎ ይዋኛል። 12 ሜትር ውሃ ላይ ቀዳዳ ሰርስረህ መንጠቆህን መሬት ካስነካህ ዓሣው ከበላዩ ያልፋል። ይሁን፣ ያኔ ሶናርህን አምጣው።

እና ዘንግህን ያለ ማሰሪያ ቀዳዳው ላይ አስደግፈህ ቡና ልቅዳ አትበል። ትራውት ዘንጉን ከነመጠቅለያው ወደ ውስጥ ይዞት ይሄዳል።

ከጎባ የመጣሁ

እናንተ ስለ በረዶ ስታወሩ እኔ ስለ ዓሣው ልናገር። ይህ ዓሣ ለእኔ የአሜሪካ ዓሣ አይደለም። ባሌ ውስጥ በዌብና በዳንካ ወንዞች ትራውት አለ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ ሬይንቦውም ቡናማውም። ዲንሾ አካባቢ ፈረንጆች በረጅም ዘንግ ሲያጠምዱት እያየን ነው ያደግነው። ሳነቲ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል እንጂ በበረዶ ላይ የሚቆም ሰው ግን አላየሁም።

ኮሎራዶ ስመጣ «የአገሬው ዓሣ» መስሎኝ ስጠይቅ፣ ይህም እዚህ እንግዳ መሆኑን ነገሩኝ። እውነት ነው?

የዓሣ እርባታው ሰው

እውነት ነው። ሬይንቦ ጥንተ አገሩ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚፈሱት ወንዞች ናቸው። የኮሎራዶ ተወላጅ ካትስሮት የሚባለው የትራውት ዓይነት ነው፤ ከእነሱ አንዱ፣ አረንጓዴ ጀርባው፣ ከ1994 ጀምሮ የግዛቱ ዓሣ ነው። ሬይንቦ በየዓመቱ ከእርባታ ጣቢያ እየመጣ ይለቀቃል።

በ1990ዎቹ ደግሞ የጫጩቶቹን አጥንት የሚያጣምም፣ ዓሣውን በክብ እያዞረ የሚያሽከረክር በሽታ የዱር ሬይንቦውን ክፉኛ ጨርሶት ነበር። ጀርመን አገር ባለ እርባታ ውስጥ ከበሽታው ጋር ብዙ ትውልድ የኖረ ሆፈር የሚባል ዘር ተገኘ፤ እሱን ከነባሩ ጋር አዳቅለው በሽታውን የሚቋቋም ሬይንቦ አወጡ። ዛሬ ከቀዳዳህ የምትጎትተው ዓሣ የጀርመን ደም ሊኖርበት ይችላል።

ቡና ወዳዱ

ድንኳን ካለ፣ ፍራሽ ካለ፣ ጀበና የማይኖርበት ምክንያት አይታየኝም። ትንሽ ከሰል በምድጃ ይዘን ብንገባ ሙቀቱም ቡናውም በአንድ ይገኝ ነበር።

የሌክዉዷ ነርስ

እባክህ፣ ይህንን ማንም እንዳያደርገው! በአገራችን ብርድ ሲሆን ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው ተኝተው ያልነቁትን ሰዎች ረሳሃቸው? የዓሣ ድንኳን ከዚያ ክፍል ያነሰ ነው፤ ጨርቁም አየር አያስገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ራስ ምታቱን «ከፍታው ነው» ብለህ ታልፈዋለህ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል።

የጋዝ ማሞቂያም ቢሆን ከላይና ከታች የአየር መስኮቱ ተከፍቶ ነው። አንዳንዶቹ ኦክስጅን ሲያንስ ራሳቸውን ስለሚያጠፉ በዚህ ከፍታ ላይ እየበሩ ይጠፋሉ፤ ተናድዶ መከላከያውን የሚነቅል ሰው አይቻለሁ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይዛችሁ ግቡ። ጀበናውን ከድንኳኑ ውጭ በጋዝ ምድጃ አፍሉት፤ በቴርሞስ ይዞ መሄድም ነውር የለበትም።

ወይዘሮ ከደብር

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል፤ ግን አንድም ሰው ጾሙን አላነሣም። በረዶው ብዙ ጊዜ የሚረጋው በዲሴምበር መጨረሻ ነው ይባላል፤ ያ ጾመ ነቢያት ነው። ማርች ላይ ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። ታዲያ መቼ ልትበሉት ነው?

ባለ ድጅኖው

እትዬ፣ የነካሽው የሁላችንን ቁስል ነው። የበረዶው ምርጥ ሳምንታት ሁለቱም ጾም ላይ ይወድቃሉ። የእኛ ወቅት ከገና ማግስት ጀምሮ ነነዌ እስክትገባ ነው፤ ከእሱም የጥምቀትን ገሃድ፣ ረቡዕንና ዓርብን ቀንሺ። የቀረው ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ሐይቁ ሰው በሰው ነው።

በጾም አጥምዶ ለፋሲካ በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጥ ሰው አውቃለሁ። እኔ አላደርገውም፤ ትራውት ቅባት ያለው ዓሣ ስለሆነ ከወር ከሁለት ወር በላይ ሲቀመጥ ጣዕሙ ይበላሻል።

የጎንደሩ

ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አባቶችም አሉ እኮ።

የመድረኩ አስተናጋጅ

ይህ ክርክር በዚህ መድረክ ላይ ከአንዴም ሁለት ሦስቴ ተነሥቶ ሰው አስቀይሟል። እያንዳንዱ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ወደ በረዶው እንመለስ።

የአሞራ ገደል ልጅ

እኔ የማውቀው ዓሣ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ከጀልባ ወርዶ ወዲያው ተገፍፎ፣ በአዋዜ ጥሬውን ነው። ይሄኛውስ? ከበረዶ ሥር የወጣ ዓሣ ከዚያ የበለጠ ንጹሕ አይሆንም?

የዓሣ እርባታው ሰው

ቅዝቃዜ ውሃ ውስጥ ያለን ዓሣ ንጹሕ አያደርግም። የጣፋጭ ውሃ ዓሣ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ሊይዝ ይችላል፤ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ጥሬውን የግድ ካልህ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን መቀመጥ አለበት። ካልሆነ መካከሉ 63 ዲግሪ እስኪደርስ አብስለው።

ወይዘሮ ከደብር

ትራውትን እንደ ቆሮሶ አትቀቅሉት፤ ይፈርሳል። ቆዳውን ሳትገፉ፣ ሆድ ዕቃውን አውጡና ደሙን ከአከርካሪው ሥር በጥፍራችሁ ጠርጋችሁ እጠቡት። ያ ደም ከቀረ ነው ጭቃ ጭቃ የሚለው። በጨውና በነጭ ሽንኩርት አሹት፣ ዱቄት አስነክታችሁ በጋለ ዘይት ቆዳውን መጀመሪያ ጥበሱ። ሎሚና ሚጥሚጣ ከወጣ በኋላ። ዱለት የምትሠሩ ከሆነ ግን አጥንቱ እንደ ክር ቀጭን ስለሆነ፣ ጠብሳችሁ በእጃችሁ ለቅማችሁ ካልሆነ ልጅ እንዳታበሉበት። ሥጋው ሮዝ ሲሆን ያልበሰለ እንዳይመስላችሁ፤ መልኩ ነው።

የአውሮራው ጀማሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህት ነርሷ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ «ወስፌውን ግዛና እናያለን» ብላለች፤ እኔ እንደ ይለፍ ወስጄዋለሁ። ፈቃዱስ? ለልጄም ያስፈልገዋል?

ባለ ድጅኖው

ከ16 ዓመት በታች ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ለአንተ ግን የግድ ነው። በኢንተርኔት ይገዛል። ከማርች 1 እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ይሠራል፤ እንደ አገራችን ዓመት 13 ወር ነው። ኮሎራዶ ለስድስት ወር ከኖርህ የነዋሪ ዋጋ ትከፍላለህ። ትራውት በጠቅላላው ሕግ በቀን 4 ነው፣ ሐይቁ የራሱ ደንብ ካለው ግን የሚሠራው የሐይቁ ነው፤ ከመሄድህ በፊት የዓመቱን መጽሔት ተመልከት። ቀዳዳህም ከ10 ኢንች መስፋት የለበትም። ኢሌቨን ማይል የግዛት ፓርክ ስለሆነ የመኪና መግቢያ አለው፤ ከ2023 ጀምሮ ከመኪና ምዝገባ ጋር አብሮ የሚከፈል ስላለ ወረቀትህን እየው፣ ምናልባት ከፍለኸዋል።

ለመጀመሪያ ቀን የእጅ መሰርሰሪያ፣ አጭር ዘንግ፣ በረዶ ማውጫ ቀዳዳ ጭልፋ፣ ወስፌ፣ የጫማ ጥርስ፣ የቀለም ባልዲ መቀመጫ። ድጅኖውን እኔ አመጣለሁ። ከገና በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ ጆርጅታውን እሄዳለሁ፤ የሚመጣ በግል መልእክት ይጻፍልኝ።

ከጎባ የመጣሁ

እኔ እስከዚያ ሥራ አይለቀኝም። ማርች ላይ ብመጣስ? ያኔ ዓሣው የበለጠ ይነክሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለ ድጅኖው

ይነክሳል። የቀለጠው ውሃ በየቀዳዳው ኦክስጅንና ምግብ ይዞ ስለሚገባ ትራውቱ ተመልሶ ወደ ዳር ይመጣል። ግን በማርች በረዶው መጀመሪያ የሚለቀው ከዳር ነው፤ መካከሉ ግማሽ ሜትር ሆኖ ዳሩ ላይ እግርህ ይሰምጣል። ሌሊቱን ከዜሮ በታች ከሆነ ጎሕ ሲቀድ ግባ፤ ረፋድ ላይ ዳሩ ውሃ መቋጠር ሲጀምር ዕቃህን ሰብስበህ ውጣ፣ ዓሣው እየነከሰም ቢሆን። ድጅኖው ቀጥ ያሉ እንጨቶች የተደረደሩ በሚመስል መልክ በረዶውን ከሰነጠቀው ግን የዚያ ዓመት ነገር አብቅቷል፤ ውፍረቱን አትለካ። ዳር ላይ ቆመህ በረጅሙ ዘንግ ጣል።